እማየ፣ የዳገቱን ስም ላኪልኝ

እማየ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከርመሻል፣ ዓይንሽስ? ሞራው ከተነሳልሽ ወዲህ አልጋ ላይ ሆነሽ የግድግዳውን ሰዓት እንደምታነቢ እትየ ስትነግረኝ ምን እንደተሰማኝ አልነግርሽም፣ ብቻ ተመስገን። ደብዳቤ ለማንበብ ግን ገና ነው ስላለችኝ ይሄን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ናት። አንቺ አንባቢ ደግሞ ረዘመ ብለሽ መሀል መሀሉን እንዳትዘልይው፣ የወሎውን አነጋገርም ወደ አዲስ አበባ እንዳትቀይሪው፣ እንዳለ አንብቢላት።

እኛ ደህና ነን። ቤቱ ደህና ነው፣ ጎረቤቶችሽ ባገኙኝ ቁጥር "እናትህ መቼ ነው ምትመጣው" ነው፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ስምሽ ይነሳል። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ብርዱም ጀማምሮታል፣ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ታውቂው የለ።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ እትየ ነግራሽ ሰምተሻል አሉ፣ ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ ይወጣል። አንቺም "ምን አጥቶ? እንጨት ሊለቅም ነው?" አልሽ አሉ። ስቄ ስቄ ልሞት። አብረውኝ ለሚወጡት የግሩፑ ልጆች ነገርኳቸው፣ እነሱም ሳቁ፣ ከዛ አንዷ "እውነቷን እኮ ነው" አለችና ሁላችንም ዝም አልን።

ሀይኪንግ ነው ሚሉት። ምንም ሳይሸከሙ፣ ሚሸጥም ሚገዛም ነገር ሳይኖር፣ ወጥቶ አይቶ መውረድ ነው፣ በቃ ይሄው ነው። እኔ ታውቂያለሽ ኮምቦልቻ ቢሮ ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወርጄ ማታ በሚኒባስ ሐረጎን እወጣለሁ፣ እግሬ መሬት የሚነካው ከበር እስከ ታክሲ ነው፣ ወገቤን ማመም ሲጀምረኝ ነው የገባሁበት። መምህራን አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ አንድ የባንክ ልጅ አለ ስማርት ሰዓት አስሮ እርምጃውን ሲቆጥር የሚውል፣ ገና ወጣት ሆኖ ሁለት ምርኩዝ ይዞ የሚወጣም አለ። የጫማውን ዋጋ ግን አልነግርሽም፣ ምክንያቱም ትረግሚኛለሽ።

እና እየወጣሁ ስላንቺ ሳላስብ አልቀርም። አንቺ እኮ ልጅ ሆነሽ ከገራዶ በሌሊት ተነስታችሁ ያን ዳገት በበረባሶ ወጥታችሁ ሰኞ ገበያ የምትደርሱት፣ እንቁላሉ ጭድ ውስጥ፣ እህሉ ጀርባችሁ ላይ፣ ሲመለሱ ደግሞ ጨውና ጋዝ ይዞ መውረድ። ያኔ ማንም ሀይኪንግ አላለውም። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፣ ጉልበት የሚበላው ቁልቁለት ነው ትይን ነበር፣ እኛ አናምንም ነበር፣ አሁን የባንኩ ልጅ ይሄንኑ ከስልኩ ላይ እንደ አዲስ ግኝት አነበበልን፣ ስንወርድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና ስንወጣ ካለው ይበልጣል ምናምን። እናቴ ድሮ ነግራኛለች አልኩት።

ጦሳ ጫፍ ላይ ስትሆኚ ምን እንደሚታይ ታውቂያለሽ ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺ እዛ ስትደርሺ ሸክም ስለነበረብሽ ቀና ብለሽ ያየሽ አይመስለኝም። ደሴ ከታች በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሆና ተዘርግታለች። ከኛ ጋ የሚወጣ የጂኦሎጂ መምህር አለ፣ እሱ እንደሚለው ከተማዋ ያለችበት ቦታ ድሮ ከነጦሳ ጋ አንድ የነበረ መሬት ነው፣ ምድሩ ግራና ቀኝ ተሰንጥቆ መሀሉ ወደታች ሰመጠ፣ ሳይሰምጥ የቀረው ነው ዛሬ ጦሳና አዝዋ የምንለው። ድንጋዩ ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ። ከዛ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ባቲና ወደ አፋር ስትወርጂ ደረጃ በደረጃ እየሰመጠ የሚሄደው የዚሁ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ክረምት ክረምት ዳገቱ ላይ ያሉ ቤቶች መሬቱ እየተንሸራተተ የሚሰነጠቁትም ለዚህ ነው አለ፣ ገደሉ ዳር የተሰራ ቤት አትግዛ ብሎ እኔንም መክሮኛል፣ የምገዛበት ብር ያለኝ መስሎት።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ጦሳ ከ3,000 ያልፋል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል ይባላል፣ ስለዚህ እኔ በየቀኑ በሐረጎ ሹራብ አውልቄ ሹራብ እለብሳለሁ፣ በአንድ ቀን ሁለት ወቅት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ አብራን ወጥታ እጇን እየቀሰረች ይሄ ማነው ስሙ፣ ያኛውስ፣ ያ ሸንተረርስ ትለናለች። ጦሳ አልናት። አዝዋ ገደል አልናት። ከዛ በኋላ ያለውን ማንም አያውቅም! የደሴ ልጆች ነን ብለን ደረታችንን ነፍተን የወጣን ሰዎች ሁለት ስም ብቻ። ስልኳን አውጥታ ካርታውን ከፈተች፣ እሱም ላይ ጦሳ ብሎ አንድ ነጥብ፣ ከዛ ውጪ ባዶ አረንጓዴ ነው። የባንኩ ልጅ ታዲያ ችግር የለም እኛው እንሞላዋለን አለ፣ ለካ ማንም ሰው የቦታ ስም መጻፍ ይችላል ካርታው ላይ፣ እና ወዲያው የመጀመሪያውን ጉብታ "ቪው ፖይንት አንድ" ብሎ ጻፈው፣ ሁለተኛውን "ሰልፊ ፖይንት"። እማየ ደሜ ፈላ። ያ "ሰልፊ ፖይንት" ያለው ድንጋይ እኮ አንቺ ሸክም ታወርጂበት የነበረው ሳይሆን አይቀርም።

ከዛ ቀን ጀምሮ የስም ነገር ሰቅዞ ያዘኝ። ስሞቹን ማን ነው ያወጣቸው? እስቲ አስቢው፣ ሸዋ በር፣ ኩታበር፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ደግሞ ጣርማበር። በር፣ በር፣ በር። ይሄን ስም ያወጣው መንገደኛ ነው። መንገደኛ ተራራ ሲያይ ጫፉ አይደለም የሚታየው፣ በየት በኩል እንደሚያልፈው ነው የሚያስጨንቀው፣ ስለዚህ ስሙን የሰጠው ለማለፊያው ነው። ሸዋ በር የሚለውን ሰፈር ስንት ዓመት ስንጠራ ኖረን ወደ ሸዋ የምትወጪበት በር ማለት መሆኑን ልብ ያለ ስንት ሰው አለ? ዶሮ መዝለያስ! ቦርከና ከደሴ ወጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚያልፍበትን ያን ጠባብ ገደል ዶሮ መዝለያ ያለው ሰው ቀልደኛ ነበር፣ ወይ አንድ ዶሮ በርግጥ ዘላ አይቷል። ይሄ የንጉሥ ስም አይደለም፣ የቄስም አይደለም፣ ቁልቁል እያየ የሳቀ ሰው ስም ነው። እኔ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ።

ኮምቦልቻስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? አጣጥ! በኦሮምኛ አጣጥን ኮምቦልቻ ነው ሚሉት። ያ ሁሉ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ኤርፖርት ያለው ከተማ ስሙ እሾኩ ቀሚስ የሚይዘው ቁጥቋጦ ነው። ቢሮ ውስጥ ይሄን ስነግራቸው አላመኑኝም፣ አንድ የከሚሴ ልጅ ነው "አዎ ነው" ብሎ ያዳነኝ። ሐረርጌም ሌላ ኮምቦልቻ አለ፣ እዛም አጣጡ ነበረ ማለት ነው። እና አንዴ ጆሮሽ ከነቃ የኛ ሀገር ስም ሁሉ ማውራት ይጀምራል፣ ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ማለት የእገሌ ቤተሰብ የእገሌ ወገን ነው፣ ለገሂዳና ለጋምቦ ላይ ያለው ለገ ደግሞ ወንዝ። አያቴ ያንቺ እናት ኦሮምኛ ትችል ነበር ያልሽኝ ትዝ ይለኛል፣ እሷ ብትኖር ይሄን ሁሉ ከመጽሐፍ ባልለቀምኩ። በዚሁ በደቡብ ወሎ ቱሉ አውሊያ የሚባል አለ አይደል፣ ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፣ ባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱም ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ ኮረብታ ይበሉት እንጂ 4,377 ሜትር ነው። አውሊያ ደግሞ አረብኛ ነው፣ የፈጣሪ ወዳጆች። ስሙን የሚጠራው ሰው ደግሞ በአማርኛ "ቱሉ አውሊያ ደርሼ መጣሁ" ይልሻል። አንዲት ስም ላይ ሶስት ቋንቋ ተሳፍሮ ማንም ቦታ ጠበበኝ አላለም። ወሎ ማለት ይሄ ነው ብል ፎከርክ ትይኛለሽ፣ ግን ነው።

ብቻ አደገኛም ነገር አለው። ኮምቦልቻ አብሮኝ የሚሰራ የወላይታ ልጅ አለ፣ ቅዳሜ ጦሳ ላይ እንወጣለን ና ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። በነሱ ቋንቋ ጦሳ ማለት ፈጣሪ ነው! "እግዜር ላይ ልትወጡ ነው?" አለኝ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ታዲያ ይሄን የሰማ አንዱ የግሩፑ ልጅ ወዲያው "በቃ ጦሳ የሚለው ስም ከወላይታ መጥቷል ማለት ነው" ብሎ ደመደመ። አረ ቀስ! ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ ነው ከተባለማ መንገድ ላይ የሚመስለኝን ሁሉ አጎቴ ልለው ነው። ስም ድምፁን ይዞ ይኖራል፣ ትርጉሙ ሲጠፋ ሰው የሚያውቀውን ትርጉም ያለብሰዋል። ተራራ ደግሞ ዝም ስለሚል አይከራከርም።

እዚህ ላይ እንጣላለን፣ አውቃለሁ። አምባሰል። አንቺ ሁሌ የማር አምባ ማለት ነው ትያለሽ፣ አረቦች ማርን ዓሰል ስለሚሉ። አምባ የሚለው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም፣ አናቱ ሜዳ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ አምባ ነው፣ ዓሰልም በአረብኛ እውነት ማር ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ማሩ ስላለ ነው ስሙ የወጣው ወይስ ስሙ ማር ስለሚመስል ነው እኛ ማሩን ያስገባነው? ማሩ ውሸት ነው አላልኩም! እንዳትቆጪ። የአምባሰልን ማር አንቺ ነሽ ያስለመድሽኝ። ደግሞ ተራራው በዚህም አላበቃ፣ ስሙን ለቅኝት ሰጥቷል፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬ፣ አምባሰል፣ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ የኛው ሀገር ቦታዎች ስም ናቸው። ተራራ ሆኖ ክራር ላይ መቃኘት ስንቱ ተራራ አግኝቶታል።

ደሴን በሚመለከት ግን ካንቺ ጋ ነኝ። አጤ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ብሏቸው ደሴ አሉት የሚለውን ተረት ነው ብዬ አልፈው ነበር። የጂኦሎጂው መምህር ግን በፈረንጅ 1882 መስከረም ላይ በእውነት ትልቅ ጅራታም ኮከብ ታይቷል፣ በቀን ብርሃን ሳይቀር ይታይ ነበር አለኝ፣ ዘመኑም የእሳቸው ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ያን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት በ1870 ነው፣ ስለዚህ ሀገሩን ያውቁታል። እና ኮከቡ ስሙን ማውጣቱን ባያረጋግጥም ኮከቡ ራሱ ነበረ። ከዛ በፊት ሀገሩ ላኮ መልዛ ነበር የሚባለው። ላኮ መልዛ! ምን የመሰለ ስም። ደሴም ደስ ይላል ግን እኔን ብትጠይቂኝ አሮጌውን ስም ቢያንስ ለአንዱ ጉብታ ቢተዉለት ምን ነበረበት።

ከላይ የሚወርድ ስምና ከታች የሚወጣ ስም እንዳለ የገባኝ በግሸን ነው። ግሸንን አንቺ ነሽ የወጣሽው እኔ አይደለሁም፣ እኔን ለመለመን ከደሴ በእግርሽ ሄደሽ በመስከረም 21 ያን ሁሉ ህዝብ መሀል ዳገቱን እንደወጣሽ ስንቴ ነግረሽኛል፣ ስለዚህ የግሩፑ ሰው ስለ ሪከርድ ሲያወራ ዝም ነው የምለው። በቤተክርስቲያኑ ታሪክ ያ ተራራ ስንት ስም ተሰጥቶታል፣ ደብረ እግዚአብሔር፣ ደብረ ነገሥት፣ ከዛ ግማደ መስቀሉ ከገባ በአጤ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ከርቤ። ደብረ ነገሥት መባሉ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ዙፋን እንዳይሻሙ እዛ አናት ላይ ነበር የሚጠበቁት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አህመድ ጦር አምባውን እስኪይዘው ድረስ። አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ መውጫው አንድ የሆነ ተራራ፣ ለእስርም ለጸሎትም የሚመች። ንጉሡ ይሄን ሁሉ ስም ሲሰጥ ግን እናንተ ስለት ያለባችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ? "ግሸን ደርሼ መጣሁ።" በቃ። ረጅሙ ስም መጽሐፍ ላይ ነው፣ አጭሩ አፍ ላይ።

መቅደላ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ለገና ሰሞን ልንሄድ እያሰብን ነው፣ በኩታበር በተንታ አድርጎ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ሽጉጣቸውን የጠጡበት፣ ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረታቦር በኩል ያን ሁሉ ገደል በሰው ጉልበት ተጎትቶ የወጣበት፣ መድፉ ዛሬም እዛው ነው ያለው። 70 ኩንታል ይሆናል ይላሉ፣ እኛ ደግሞ የውሃ ኮዳ ከበደን ብለን እናማርራለን። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ናፒየር ሀገሩ ሲመለስ የተሰጠው ማዕረግ ምን መሰለሽ፣ "የመቅደላው ባሮን ናፒየር"። የወሎን ተራራ ስም ይዞ ሄደ! ይሄን ሳነብ የኤቨረስት ነገር መጣብኝ። የዓለም ትልቁ ተራራ 8,849 ሜትር፣ በፈረንጅ 1865 ነው ኤቨረስት የተባለው፣ ህንድ ውስጥ መሬት ሲለካ በነበረ የእንግሊዝ ሹም ስም፣ እሱ ራሱ እንኳን የሀገሩ ሰው ስሜን መጥራት አይችልም ብሎ ተቃውሞ ነበር። ቲቤቶች ከጥንት ጀምሮ ቾሞሎንግማ ይሉታል፣ ኔፓሎች ዛሬ ሳጋርማታ ይሉታል። እዛ የሰውዬው ስም ተራራው ላይ ወጣ፣ እዚህ የተራራው ስም ሰውዬው ላይ ወጣ፣ በሁለቱም ጊዜ የሀገሬው ሰው አልተጠየቀም።

እኛስ ብንሆን። ራስ ደጀንን አታይም? የሀገራችን ትልቁ ተራራ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ደጀን ነው ስሙ፣ ፈረንጅ እንደሰማው ዳሸን ብሎ ካርታ ላይ ጻፈው፣ እኛም ከካርታው ላይ መልሰን ተቀበልነው፣ ባንኩም ዳሸን ቢራውም ዳሸን ሆነ። አንዴ የተጻፈ ስም ከተራራው ላይ አይወርድም። የባንኩን ልጅ "ሰልፊ ፖይንት" አጥፋው ብዬ የተጨቃጨቅኩት ለዚህ ነው፣ ቀልድ ነው አለኝ፣ ዶሮ መዝለያም ቀልድ ነበር እኮ አልኩት፣ ይሄው ስንት ዘመን ኖረ። እና እንደዛ ከሆነ ትክክለኛውን ስም አምጣ አለኝ። አመጣለሁ አልኩ። ከየት? ካንቺ ነዋ!

ስለዚህ እማየ የምፈልገው ይሄ ነው። ከገራዶ ስትነሱ ጀምሮ ሰኞ ገበያ እስክትደርሱ ያለውን መንገድ በሀሳብሽ ውጪው፣ ቀስ ብለሽ፣ እና የያንዳንዱን ስም ንገሪኝ። መጀመሪያ ዳገቱ ሲጀምር ያለችው ምንጭ ማን ነበር ስሟ፣ ሸክም የምታወርዱበት ሰፊው ድንጋይስ፣ ነፋሱ ነጠላ የሚነጥቅበት ያ አፋፍ፣ ዛሬ ባህር ዛፍ የሞላበት ያኔ ግን የገብስ ማሳ ነበር ያልሽኝ ቦታ፣ ልጆች ሆናችሁ በዛ አታልፉ ጅብ አለ የሚሏችሁ ሸለቆ። ትርጉሙን አታውቂው ይሆናል፣ ግድ የለም ትርጉም አልፈልግም፣ ድምፁን ብቻ። ደግሞ ገራዶዎች አንድ ብለው ደሴዎች ሌላ የሚሉት ካለ ሁለቱንም ንገሪኝ ሁለቱንም ነው የምጽፈው፣ ተራራ ከየትኛው ወገን እንደምታዪው ስሙ ይለያያል፣ ማናቸውም አልተሳሳቱም። ከእናትሽ የሰማሽው የኦሮምኛ ስም ካለ እሱንም፣ ባትረጂውም እንደሰማሽው በዪው፣ እዚህ የሚረዳ አለ። የሚያሳፍር ስም ካለም አትዝለዪ፣ እረኛ ያወጣው ስም እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የእህቴ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ጆሮዋን ትያዝ። (አንባቢ፣ ቀልዴን ነው፣ ግን ያዢ።)

አትጻፊው፣ ዓይንሽን አታድክሚ። ቴሌግራም ላይ ማይኩን ይዛልሽ አንቺ ታወሪያለሽ፣ ስትጨርሺ ትለቀዋለች፣ እኔ ጋ በድምፅሽ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ፣ ቡና ሲፈላ ትዝ ሲልሽ። ከድሮ ባልንጀሮችሽ አንዷ አሁንም ገራዶ አለች አይደል፣ እሷ ጋም እሄዳለሁ፣ አንቺ የረሳሽውን እሷ ትሞላዋለች፣ አንዳችሁ ሌላዋን ስትከራከሩ ደግሞ የበለጠ ይወጣል። ቀርፄ ለግሩፑ አሰማለሁ፣ ድምፄን ለሰው አታሰማ ካልሽ ግን አላሰማም፣ ስሙን ብቻ ነው የምሰጣቸው።

ሌላ ምን አለ። ሐኪሙ ተራመጂ ካለሽ ተራመጂ፣ ፎቁን በደረጃ መውጣት መውረዱ ለጉልበትሽ አይሆንም፣ ግቢው ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቀስ እያልሽ ዙሪ። አዲስ አበባ ሜዳ ነው ደብሮኛል ያልሽውን እትየ ነገረችኝ፣ እንጦጦ የሚባል አለ እኮ፣ እሁድ እሁድ ይውሰዱሽ፣ በመኪና ወጥተሽ በእግር ትንሽ ትንቀሳቀሻለሽ፣ ከዛም ምን እንደሚታይና ስሙ ማን እንደሆነ ሰዉን ጠይቂልኝ፣ ትችያለሽ አንቺ ሰው ታወሪያለሽ።

በርበሬውን አስፈጭቻለሁ፣ ገብስ ቆሎም አለበት፣ ዓርብ ማታ በሚነሳው ባስ በጎረቤታችን ልጅ ነው የምልከው፣ እትየን መናኸሪያ ድረስ እንድትሄድ ንገሪያት፣ ስልኳን ሰጥቼዋለሁ። ማሩ ግን የአምባሰል አይደለም፣ የቦረና ነው፣ የአምባሰሉ ዘንድሮ ተወዷል።

ልጅሽ
ደሴ